ለሚያልብና ለሚሸት እግር የአንድ ወር የአሠራር መመሪያ

በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማ ማውለቅ፣ በመስጊድ በር ላይ ጫማን ከመደርደሪያ ማኖር፣ አራስ ሊጠይቁ ሲሄዱ ምንጣፍ ከተነጠፈበት ሳሎን በፊት ጫማን በረንዳ ላይ መተው ለአብዛኛው ሰው ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ነው። እግሩ ለሚያልበውና ለሚሸት ሰው ግን ደጃፉ ገና ከሩቅ ሲታየው ልቡ ይመታል። ይህን የማውቀው በራሴ ነው። ከጉርምስናዬ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ጫማዬን ከሌሎች ጫማዎች አርቄ ከግድግዳው ጥግ አስቀምጥ ነበር፤ ገብቼ ስቀመጥም እግሬን ከወንበሩ ሥር ወደ ኋላ ሰብስቤ የቡናው ሦስተኛ እስኪጠጣ ድረስ አልንቀሳቀስም ነበር።

በእነዚያ ዓመታት አንድ ስሕተት ደጋግሜ ሠርቻለሁ። ሽታው በባሰብኝ ቁጥር የምጨምረው መታጠብን ብቻ ነበር፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየታጠብኩ፣ በቅጡ ያልደረቀውን እግሬን ትናንት በላብ ረጥቦ ባደረው ጫማ ውስጥ መልሼ እከተው ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሽታው ይመለሳል፤ እኔም ንጽሕና የጎደለኝ እየመሰለኝ አፍር ነበር። ከዚህ በታች የማስቀምጠው አሠራር በሙሉ ዘግይቼ በተረዳሁት ነገር ላይ የቆመ ነው፦ እግርን፣ ካልሲንና ጫማን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ደረቅ አድርጎ ማቆየት ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከተዘነጋ በቀሩት ሁለቱ ላይ የተደከመው ድካም አብዛኛው ይባክናል። ውጤቱን ለመመዘን ሙሉ አራት ሳምንት ይስጡት፤ በአምስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ መተው ብዙዎችን ወደ መነሻቸው የሚመልስ ነገር ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

የላብ ዕጢዎች ከሌላው የሰውነት ክፍል ይልቅ በእጅ መዳፍና በውስጥ እግር ላይ እጅግ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ከእነዚህ ዕጢዎች የሚወጣው ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው በመሆኑ ትኩሱ ላብ በራሱ ሽታ የለውም። ሽታው የሚፈጠረው በቆዳችን ላይ ዘወትር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በላብ የራሰውን የሞተ ቆዳና ከላቡ ጋር የሚወጡትን ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ሲመገቡ ነው። ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ የተባለውና በማንኛውም ጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ የሚገኘው ባክቴሪያ ሉሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሰባብሮ አይሶቫሌሪክ አሲድ ይሠራል፤ ያ የታወቀው የሚኮመጥጥ የእግር ሽታ በአብዛኛው የእርሱ ነው። ብሬቪባክቴሪየም የሚባለው ሌላ ዝርያ ደግሞ ድኝ ያለበት ጋዝ ያወጣል። የዚሁ ባክቴሪያ ዘመዶች አንዳንድ የፈረንጅ አይቦችን ለማብሰል ስለሚያገለግሉ፣ ሰዎች የእግርን ሽታ ከቆየ አይብ ጋር ማመሳሰላቸው እውነት አለው።

የውስጥ እግርና የመዳፍ ላብ ከሙቀት ባልተናነሰ በጭንቀት ይነሣል። በዚህም ምክንያት ሽታው እንዳይታወቅብኝ ብሎ መጨነቅ ራሱ ላቡን ያበዛል፤ ከደጃፉ በፊት እግር ድንገት የሚርሰውም ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ በርበሬና ትኩስ ወጥ ሲወቀሱ እሰማለሁ፤ እነርሱ የሚያስልቡት ግን በዋናነት ፊትንና ራስን ስለሆነ፣ ለእግር ሲባል ከወጥ መራቅ አያስፈልግም።

አንደኛ ደረጃ፦ እግርን በብርሃን መመርመር

ማንኛውንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት እግርዎን በቀን ብርሃን ያስተውሉ። ለ10 ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው ካወጡት በኋላ ውስጥ እግሩን ገልብጠው ይመልከቱ፤ ጎንበስ ማለት የሚከብድዎ ከሆነ ትንሽ መስታወት መሬት ላይ አኑረው ይጠቀሙ፣ ወይም የቤት ሰው እንዲያይልዎ ይጠይቁ። የሚያዩት ነገር የሚቀጥለውን ሥራ ስለሚወስን ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም።

ቆዳው ጤነኛ ሆኖ፣ ሳይላጥና ሳያሳክክ፣ ብቻ የሚያልብና የሚሸት ከሆነ ችግሩ ላቡ ነው፤ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ደረጃ ያለው ሥራ ይበቃዎ ይሆናል። በተረከዝና ከጣቶች ግርጌ ባለው ወፍራም ቆዳ ላይ በመርፌ የተወጋጋ የሚመስሉ ብዙ ጥቃቅን ጉድጓዶች ካዩ፣ ቆዳውም ነጣ ብሎ ሽታው እጅግ የከፋ ከሆነ፣ ፒትድ ኬራቶሊሲስ የተባለ የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ቀኑን ሙሉ በቦቲ ጫማ የሚውሉ ወታደሮችን፣ የጥበቃ ሠራተኞችንና ገበሬዎችን ያጠቃል፤ እምብዛም ስለማያምም ብዙ ሰው በሽታ መሆኑን ሳያውቅ ዓመታት ይኖራል። በጣቶች መካከል፣ በተለይ በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል፣ ቆዳው ነጥቶ ርሶ የሚላጥ፣ የሚያሳክክና የሚሰነጠቅ ከሆነ ደግሞ የእግር ፈንገስ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ፈንገሱና ላቡ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገኙ፣ አንዱን ማከምና ሌላውን መተው ችግሩን አያነሣውም።

ላቡ የጀመረው በልጅነት ወይም በጉርምስና ከሆነ፣ ሁለቱንም እግር እኩል የሚይዝ ከሆነ፣ በእንቅልፍ ሰዓት የሚያቆም ከሆነ፣ ከወላጅ ወይም ከወንድምና እኅት አንዱም እንዲሁ የሚሆን ከሆነ፣ በዘር የሚወረስ የላብ መብዛት ነው ማለት ይቻላል፤ አስጨናቂ ቢሆንም አደገኛ አይደለም። በጎልማሳነት ድንገት የጀመረ ላብ፣ አንድ እግርን ብቻ የያዘ ላብ፣ ወይም ሌሊት አልጋ የሚያርስና ከክብደት መቀነስ፣ ከትኩሳት ወይም ከሳል ጋር የመጣ ላብ ግን ከእግር ያለፈ ጉዳይ ስለሆነ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። የሳንባ ነቀርሳ፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የስኳር በሽታና አንዳንድ መድኃኒቶች እንዲህ ያለ ላብ ሊያመጡ ይችላሉ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ አስተጣጠብና አደራረቅ

ጠዋትና ማታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና መታጠብ በቂ ነው። ውሃ ማፍሰስ ብቻ መታጠብ አይባልም፤ እያንዳንዷን ጣት ከጎረቤቷ ለይተው፣ በሳሙና አረፋ በተነከረ ጨርቅ ወይም በጣትዎ መካከሏን ያሹ። የጣቶቹ ሥር የቆሸሸ አረፋና የረጠበ የሞተ ቆዳ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። ጀርም ገዳይ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳሙና ካገኙ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ቆዳውን ካደረቀውና ከሰነጠቀው ግን ወደ ተለመደው ሳሙና ይመለሱ፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ለጀርም በር ነው።

ከመታጠቡ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ማድረቁ ነው። ለእግር ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ፎጣ ይለዩ፤ ይህ ፎጣ ፊት የሚነካ አይሁን፣ ሌላ የቤት ሰውም አይጠቀምበት። ውስጥ እግሩንና ጀርባውን ካደረቁ በኋላ የፎጣውን ጫፍ አጥፈው በሁለት ጣቶች መካከል ያስገቡና እንደ ክር ወዲያና ወዲህ ይጎትቱት፤ በአራቱም ክፍተቶች እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያም ካልሲ ከማጥለቅዎ በፊት እግርዎን ለአምስት ደቂቃ ያህል ነፋስ ያስመቱት። ጠዋት ሲቸኩል ይህች አምስት ደቂቃ ትከብዳለች፤ ስለዚህ መጀመሪያ እግርዎን ታጥበው ልብስዎን መጨረሻ ላይ ቢለብሱ ጊዜው ሳይታወቅ ያልፋል።

የተረከዝና የጣት ግርጌ ወፍራም ቆዳ ላብ መጥጦ ይይዛል፣ ለባክቴሪያም ምግብ ይሆናል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከታጠቡ በኋላ፣ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ በቀስታ ይፈግፍጉት። በምላጭ መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ቁስል ያመጣል፣ ቆዳውም ጠንክሮ ይመለሳል። ጥፍርንም አጭርና ቀጥ አድርጎ መቁረጥና ሥሩን ማጽዳት የዚሁ ሥራ አካል ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ካልሲ

በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጠው ስስ የናይለን ካልሲ ላብን አይመጥም፤ እግሩን በራሱ ላብ ውስጥ ዘፍዝፎ ያውለዋል። የተሻለው ወፈር ያለ፣ አብዛኛው ጥጥ የሆነ ካልሲ ነው፤ ለስፖርት ተብለው ላብን ወደ ውጭ እንዲያወጡ የተሠሩ ካልሲዎችም ጥሩ ናቸው፤ የሱፍ ካልሲም ለቀዝቃዛ ቦታ ይሆናል። ገንዘብ ውስን ከሆነ አንድ ውድ ጫማ ከመግዛት ይልቅ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሰባት ወይም ስምንት ጥንድ የጥጥ ካልሲዎች መግዛትን እመርጣለሁ፤ አንዱ እግር ቢጠፋ ከሌላው ጋር ይጣመራል።

ካልሲ በቀን ሁለት ጊዜ ይቀየር። ጠዋት ከቤት ሲወጡ አንድ ጥንድ ንጹሕ ካልሲ በትንሽ ፌስታል ቦርሳዎ ውስጥ ያስቀምጡ፤ በምሳ ሰዓት እግርዎን በደረቅ ሶፍት ጠርገው ይቀይሩና የረጠበውን በፌስታሉ ቋጥረው ይመልሱ። ማታ ቤት እንደገቡ ፌስታሉን መፍታትና ካልሲውን ማጠብ አይዘንጉ፤ ተቋጥሮ ያደረ የረጠበ ካልሲ ሽታው ከጨርቁ አይለቅም። ሲታጠብ የውስጡ ወደ ውጭ ይገልበጥ፤ ላቡና የረገፈው ቆዳ ያለው በውስጥ በኩል ነውና። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ሰው 60 ዲግሪ ላይ ይጠብ፤ በእጅ የሚያጥብ ሰው ደግሞ ካልሲውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ጨርቁ የሚችል ከሆነ በጋለ ካውያ ይተኩሰው። የካውያው ሙቀት በጨርቁ ውስጥ የቀረውን የፈንገስ ዘር ለመግደል ይረዳል። በረኪና ለነጭ ካልሲ ማጠቢያ ይሆናል፤ ቆዳ ላይ ማድረግ ግን ቃጠሎ ስለሚያስከትል አይገባም፤ ከአቼቶ ጋር ደግሞ ከቶ አይቀላቀል፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋልና።

አራተኛ ደረጃ፦ ጫማ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ የተጫማነውን ጫማ ማታ አውልቀን በጫማው ውስጥ የተነጠፈውን ሶል በጣታችን ብንጫነው፣ በተለይ ጣቶቹ በሚያርፉበት ጥልቅ ክፍል፣ ሲርስ ይሰማናል። ያ እርጥበት በአንድ ሌሊት ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ በተዘጋ ጫማ ውስጥ ለመድረቅ 24 ሰዓት፣ ብዙ ለሚያልበው ሰውና በእርጥብ ወቅት ደግሞ 48 ሰዓት ድረስ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድን ጫማ በተከታታይ ሁለት ቀን አለመጫማት የዚህ መመሪያ ዋና ትእዛዝ ነው። ሁለት ጥንድ ጫማ በየተራ የሚጫሙ ከሆነ ሁለቱም ይቆያሉ፤ አንዱን ብቻ በየቀኑ የሚጫሙ ከሆነ ያ ጫማ ቶሎ ይበሰብሳል። ሁለተኛው ጫማ አዲስ ወይም ውድ መሆን የለበትም፤ ንጹሕና ደረቅ ይሁን እንጂ የሸራ ጫማም ይበቃል።

ማታ ጫማዎን ሲያወልቁ ማሰሪያውን እስከ ታች ድረስ ያላሉት፣ ምላሱን ወደ ፊት ይሳቡት፣ የውስጥ ሶሉ የሚወጣ ከሆነ አውጥተው ለብቻው ያቁሙት። የድሮ ጋዜጣ ጨማደው ጣቶቹ በሚያርፉበት ቦታ ድረስ ይጠቅጥቁ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጋዜጣው እንደራሰ ያገኙታል፤ በደረቅ ቀይረው ያሳድሩት። የሸራ ጫማና የውስጥ ሶል ፀሐይ ላይ ይሰጡ። የቆዳ ጫማ ግን በቀጥታ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ስለሚሰነጠቅ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ያድርቁት። በክረምት ፀሐይ ሲጠፋ ጫማን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማስጠጋት የተለመደ ነው፤ ይህ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ማጣበቂያውንም ያላቅቀዋል፤ ከሁሉም በላይ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ ማደር ሰው የሚገድል ነገር ነው። ጋዜጣውን ደጋግሞ መቀየር ይሻላል።

በጫማው የቆየ ሽታ ላይ ቢካርቦኔት ይሠራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ በእያንዳንዱ ጫማ ውስጥ በትነው ያሳድሩና ጠዋት አራግፈው ያውጡት። የውስጥ ሶሉን በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ መቀየር ደግሞ ከማንኛውም ዱቄት የበለጠ ይጠቅማል፤ ጫማ ሰፊዎች ከቆዳ በልክ ቆርጠው ይሠሩታል። አዲስ ጫማ ሲገዙ የላይኛው ክፍል እውነተኛ ቆዳ ወይም ሸራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቆዳ መሰል ፕላስቲክ፣ የኮንጎ ጫማና የዝናብ ቦቲ ላብን የሚያወጡበት ቀዳዳ የላቸውም። ሥራቸው ቦቲ ወይም ሴፍቲ ጫማ እንዲጫሙ የሚያስገድዳቸው ሰዎች በምሳ ሰዓት ጫማውን አውልቀው ግማሽ ሰዓት እግራቸውን ነፋስ ቢያስመቱ፣ ካልሲ ቢቀይሩ፣ የቦቲውንም ውስጥ ማታ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው አፉን ወደ ላይ ከፍተው ቢያሳድሩት ልዩነቱን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያዩታል።

ቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ማድረግ እግርን ያስተነፍሳል። ነገር ግን በብዙ ቤት አንድ የመታጠቢያ ቤት ነጠላ ጫማ ለቤተሰቡ ሁሉ፣ አንዳንዴም ለእንግዳ ጭምር፣ ያገለግላል፤ ፈንገስ ከአንዱ ወደ ሌላው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ይኑረው። በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ወለልና መታጠቢያ ቤት ሲያጥቡ ሰዓታት በእርጥብ ነጠላ ጫማ ስለሚቆሙ የጣቶቻቸው መካከል ይበላል፤ ለውሃ ሥራው አንድ፣ ለሌላው ሥራ ሌላ ደረቅ ነጠላ ጫማ መለየትና በመሸጋገሪያው ላይ እግርን ማድረቅ ይጠቅማቸዋል።

ሽታን ፈርቶ ባዶ እግር መሄድ ግን መፍትሔ አይሆንም። በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች፣ በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለውን የእግር እብጠት ያመጣል፤ መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ በሻይ መዘፍዘፍ

ለብዙ ሰው የምመክረው የቤት ውስጥ ዘዴ ይህ ነው። በጥቁር ሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ቆዳን ያጠነክራል፣ የላቡንም መውጣት በመጠኑ ይቀንሳል። ከውሽውሽ ወይም ከጉመሮ የሚመጣው የራሳችን ሻይ ቅጠል ይበቃል፣ ውድ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ሻይ ቅጠል፣ ወይም ሁለት የሻይ ከረጢት፣ በግማሽ ሊትር ውሃ ለ15 ደቂቃ ያፍሉ፤ አጥልለው በሳፋ ውስጥ በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይቀላቅሉት፤ ለብ ማለቱን በእጅዎ ካረጋገጡ በኋላ እግርዎን ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ሻይው ያለ ስኳር መሆን አለበት። ለሰባት ተከታታይ ቀናት ማታ ማታ ያድርጉት፣ ከዚያም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ቆዳውና ጥፍሩ በመጠኑ ሊጠቁር ይችላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል።

አቼቶ የሚመርጥ ሰው አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውሃ በጥብጦ ለ15 ደቂቃ መዘፍዘፍ ይችላል። የተሰነጠቀ ወይም የቆሰለ እግር ላይ ግን አይሆንም፤ የሎሚ ጭማቂም እንዲሁ ያቃጥላል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይህን ደረጃ ሙሉ በሙሉ ይዝለለው። የስኳር ሕመምተኛ እግር ስሜቱ ሊደነዝዝ ስለሚችል ውሃው ቢያቃጥለው ላይሰማው ይችላል፣ ረጅም መዘፍዘፍም ቆዳውን ያሳሳል፤ ለእርሱ የሚበጀው አጭር መታጠብ፣ በጥንቃቄ ማድረቅና በየቀኑ የጣቶቹን መካከል እያየ መመርመር ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ላብን የሚያግድ መድኃኒት

ዲኦዶራንትና አንቲፐርስፒራንት አንድ አይደሉም። ዲኦዶራንት ሽታን ይሸፍናል፤ አንቲፐርስፒራንት ግን በውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ጨው የላብ ቧንቧውን ጫፍ ለጊዜው ስለሚደፍን ላቡን ራሱን ይቀንሳል። ለእግር የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ለብብት የሚሸጠው ሮል ኦን፣ አንቲፐርስፒራንት የሚል ጽሑፍ ካለበት፣ ለመጀመር ይበቃል፤ ለእግር ብቻ የሚሆን አንዱን ይለዩ። ካልረዳ 20 ፐርሰንት አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበትን ፈሳሽ ከመድኃኒት ቤት ይጠይቁ።

አቀባቡ ውጤቱን ይወስነዋል። ጠዋት ለመውጣት ሲሰናዱ የሚቀቡት መድኃኒት በሚመጣው ላብ ታጥቦ ይሄዳል። መቀባት ያለበት ማታ፣ ከመተኛት በፊት፣ ላብ በሚቆምበት ሰዓት ነው። እግሩ ፍጹም ደረቅ ይሁን፤ አሉሚኒየም ክሎራይድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ስለሚፈጥር እርጥብ ቆዳን ይለበልባል። ውስጥ እግሩን በስሱ ቀብተው እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ይተኙ፣ ጠዋት በውሃ ይታጠቡት። ላቡ እስኪቀንስ ድረስ በየማታው፣ ይህም በአብዛኛው አንድ ሳምንት ገደማ ነው፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ማታ ይቀጥሉ። ካሳከከ ወይም ከቀላ ሁለት ሦስት ማታ አቁመው አራርቀው ይጀምሩት። በተላጠና በቆሰለ ቆዳ ላይ አይቀባም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ፈንገስና ጥቃቅን ጉድጓዶች ሲኖሩ

ለፈንገስ ክሎትሪማዞል 1 ፐርሰንት ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በደረቀ እግር ላይ፣ በጣቶች መካከልና ከተላጠው ቦታ ጥቂት አልፎ ይቀባል። ማሳከኩ በሳምንት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ፈንገሱ ግን ገና ስላልሞተ እስከ አራት ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል። ተርቢናፊን ቅባት ከተገኘ ጊዜው ወደ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያጥራል። በየመድኃኒት ቤቱ ርካሽ የሆነው የዊትፊልድ ቅባት፣ 6 ፐርሰንት ቤንዞይክ አሲድና 3 ፐርሰንት ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት፣ ወፍራም ለሆነ የውስጥ እግር ቆዳ ጥሩ ነው፤ በቆሰለ ቦታ ግን ያቃጥላል። ፈንገስ ያለበት ሰው ሲለብስ ከውስጥ ሱሪው በፊት ካልሲውን ያጥልቅ፤ አለዚያ እግሩ የነካው የሱሪ ጨርቅ ፈንገሱን ወደ ጭኑና ብሽሽቱ ያደርሰዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ማሳከክን ቶሎ የሚያስታግሱ፣ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተባለ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ያለ ትእዛዝ ይገዛሉ። ስቴሮይድ ቅላቱንና ማሳከኩን ይደብቃል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል፤ ሐኪሙም በኋላ ሲያየው መልኩ ተለውጦ ይቸገራል። የቅባቱን ስም ከመግዛትዎ በፊት ለፋርማሲስቱ አንብበው ስቴሮይድ ይኑርበት አይኑርበት ይጠይቁ።

ጥቃቅን ጉድጓዶቹ በባክቴሪያ የመጡ ስለሆኑ የፈንገስ ቅባት ብቻውን አያድናቸውም። ሐኪም የሚያዝዘው ክሊንዳማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን የሚቀባ ፈሳሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያጠፋቸዋል፤ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት መታጠቢያም ይረዳል፣ ፎጣና ካልሲ ስለሚያነጣ ግን አሮጌ ፎጣ ይጠቀሙ። እግሩ እንደገና እርጥብ ሆኖ ከዋለ ጉድጓዶቹ ይመለሳሉ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ወደ ሐኪም መሄድ

አራት ሳምንት በትክክል ተሠርቶ ለውጥ ካልታየ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ በወሎ ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። እግር ካበጠ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ፣ ወይም ውስጥ እግሩ መደንዘዝ ከጀመረ አራት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይታያል። መደንዘዝ የስኳር ወይም የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቸል አይባልም። ሲሄዱ መቼ እንደጀመረዎ፣ በእንቅልፍ ያቆም እንደሆነ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የተቀቡትን ሁሉ ይንገሩ፤ የቅባቶቹን ሳጥን ይዘው ቢሄዱ ይሻላል።

ከቅባት በኋላ ያሉ ሕክምናዎችም አሉ። አዮንቶፎሬሲስ የተባለው፣ እግርን በቧንቧ ውሃ በተሞላ ትሪ ውስጥ አኑሮ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ማሳለፍ፣ መጀመሪያ ላይ በሳምንት ሦስት ጊዜ ገደማ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይደረጋል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አንባብያን መሣሪያውን በሐኪም ምክር ገዝተው በቤታቸው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ነፍሰ ጡር ሴትና በልቡ ላይ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው ግን አይጠቀሙበትም። ቦቱሊኒም ቶክሲን በመርፌ መውጋት ላቡን ለጥቂት ወራት ያቆማል፣ ውስጥ እግር ላይ ግን መርፌው ያማል፤ ዋጋውም ውድ ነው። የሚዋጡት የላብ መቀነሻ ክኒኖች አፍ ያደርቃሉ፣ ሰውነትም ሙቀቱን በላብ እንዳያበርድ ስለሚያደርጉ በሞቃት አገር ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

ከአራት ሳምንት በኋላ

ሽታው ከጠፋ በኋላ መታጠቡ፣ ማድረቁና ጫማን ማፈራረቁ እንዳለ ይቀጥላል፤ ሻይውና ላብ አጋጁ መድኃኒት ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በታች ሊሆኑ ይችላሉ። ክረምት ሲገባ፣ ከሰኔ ጀምሮ፣ ጫማ በጭቃና በዝናብ ስለሚርስ ወደ ሙሉው አሠራር ይመለሱ፤ ሦስተኛ ጥንድ ጫማ ማግኘት ከተቻለም ጊዜው ይህ ነው። ሽታው ከመጥፋቱ በፊት ይጫሙት የነበረውን አሮጌ ጫማ መልሰው ሊጫሙት ከፈለጉ የውስጥ ሶሉን አውጥተው ይጣሉ፣ ውስጡን በሳሙና በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ሦስት ቀን ነፋስ አስመትተው አዲስ ሶል ካስገቡ በኋላ ይጫሙት።